ለማያውቀን አንባቢ ስለራስ መመስከር
ለአሜሪካ ኮሌጆች ለማመልከት ለሚያስቡ ተማሪዎች፣ ለወላጆችና ለመምህራን የቀረበ ንግግር



በአገራችን ወደ ከፍተኛ ትምህርት የሚያስገቡ ሁለት በሮች ለረጅም ጊዜ ነበሩ። አንደኛው የሰው ቃል ነው። ዩኒቨርሲቲ ባልነበረን ዘመን ባሕር ማዶ ሄዶ የሚማረው ቤተ መንግሥት የሚያውቀው፣ አንድ ትልቅ ሰው «ይህ ልጅ ይላክ» ያለለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ወደ አሜሪካ ተልከው መጀመሪያ ኦሃዮ ውስጥ በመስኪንገም ኮሌጅ፣ ኋላም በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ሐኪም የሆኑት ዶክተር መላኩ በያን የሄዱት በዚሁ በር ነው። ሁለተኛው በር ፈተና ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950 ተከፍቶ ማትሪክ የሚባለው ነገር እየተለመደ ሲሄድ፣ ከገጠር የመጣ ልጅ ያለ ዘመድ ያለ ወዳጅ በውጤቱ ብቻ የሚገባበት መንገድ ተገኘ። ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ዛሬም የምንሄደው በዚያው ነው።

ሁለቱ በሮች የሚመሳሰሉበት አንድ ነገር አለ። በሁለቱም ተማሪው ስለራሱ አፉን አይከፍትም። በአንዱ ሌላ ሰው ይናገርለታል፤ በሌላው ቁጥሩ ይናገርለታል። ዛሬ የማወራው ስለ ሦስተኛው በር ነው፤ ከ12ኛ ክፍል ተነስተው ሙሉ ወጪ ለሚሸፍኑ የአሜሪካ ኮሌጆች አፕላይ ስለሚያደርጉ ልጆች። እዚያ ተማሪው ፈጽሞ ለማያውቀው ሰው፣ በማስረጃ፣ ስለራሱ መናገር ይጠበቅበታል። ጎበዝ ልጆቻችን ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ማመልከቻውን አንዱ እንደ ደጅ ጥናት ይጽፈዋል፤ ሌላው እንደ ፈተና ወረቀት ይሞላዋል።

የወላጅ ልብ ያለው ገንዘቡ ላይ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር። በትልልቆቹ የግል ኮሌጆች የአንድ ዓመት ወጪ፣ ትምህርቱ፣ መኝታውና ምግቡ ተደምሮ፣ ከ80,000 ዶላር በላይ ነው። ስለዚህ «ተቀብለውኛል» የሚለው ዜና ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፤ ማን ይከፍላል የሚለው ነው ጉዳዩ። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት የውጭ አገር ተማሪ መክፈል መቻል አለመቻሉን ሳያዩ ይመርጣሉ፤ ለመረጡት ቤተሰቡ የማይችለውን ይሸፍናሉ። ዳርትመዝና ቦውደን እ.ኤ.አ. በ2022 ይህንኑ አሠራር መከተል ጀምረዋል። ሌሎች ብዙ ኮሌጆች ደግሞ ለተቀበሉት ተማሪ በደንብ ይከፍላሉ፤ ሲመርጡ ግን ምን ያህል እንደሚያስወጣቸው ያያሉ። ኬንታኪ ውስጥ ያለው ቤሪያ ኮሌጅ ለየት ይላል። እ.ኤ.አ. በ1855 የተመሠረተ ነው፤ ከማንም ተማሪ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፤ ተማሪው ሁሉ በግቢው ውስጥ ይሠራል። ታዲያ ከመላው ዓለም በዓመት የሚወስደው ወደ 30 ልጅ ብቻ ነው። ሃርቫርድም ከመቶ አመልካች የሚቀበለው አራት ገደማ ብቻ ነው። ስም ያለውን ብቻ ደርድሮ አመልክቶ ቁጭ ማለት የዋህነት ነው። ዝርዝራችሁ ውስጥ እዚህ አዳራሽ ማንም ሰምቶት የማያውቅ ኮሌጅ ከሌለ ዝርዝሩን እንደገና አስቡበት። አሜሪካም ብቻዋን አይደለችም። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ማመልከቻ በየዓመቱ በጃንዋሪ ይከፈታል፤ አንድ ሳንቲም አያስከፍልም። ጋና ውስጥ አሼሲ ዩኒቨርሲቲ፣ በባሕረ ሰላጤው ደግሞ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አቡ ዳቢ ግቢ አለ። የምናገረው አብዛኛው ነገር ለእነዚህም ይሠራል።

«ሙሉ ስኮላርሺፕ በዋስትና» የሚላችሁ ኤጀንት ካለ ዋስትናውን የሚሰጠው ከየት አምጥቶ እንደሆነ ጠይቁት። የምክር አገልግሎቱ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ባለው ኤጁኬሽን ዩኤስኤ በነጻ ይገኛል። ይህን አልፌ ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ፋይላችሁን የሚከፍተው ሰው ብዙ ጊዜ የአንድ ሰፊ የዓለም ክፍል ኃላፊ ነው፤ የናይጄሪያውም፣ የኬንያውም፣ የናንተም ፋይል እሱው ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። ትራንስክሪፕት፣ የትምህርት ቤቱ ሪፖርት፣ የመምህራን ደብዳቤ፣ የሥራችሁ ዝርዝርና ኤሴይ ፊቱ ናቸው። ለእናንተ የመደባቸው ጊዜ ደቂቃዎች ናቸው። ትምህርት ቤታችሁ ላብራቶሪ ይኑረው አይኑረው አያውቅም። በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ እንደሚቀመጥም አያውቅም። ከሁሉ የሚብሰው፣ ቁጥራችን ለእሱ ሌላ ነገር ማለቱ ነው።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች የተሰጠው፣ ውጤቱ ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ቁጥሩ 5.4 በመቶ ደረሰ። በዚህ ፈተና 62 በመቶ ያመጣ ልጅ ከአገሪቱ ጥቂት ጎበዞች አንዱ ነው። ከ90 በታች መስጠት እንደ ቅጣት በሚታይበት አገር ያደገ አንባቢ ግን 62 ሲያይ የወደቀ ተማሪ ነው የሚታየው። ይህን የማስተካከል ሥራ የልጁ አይደለም፤ የትምህርት ቤቱ ነው። ኮሌጆቹ ከትራንስክሪፕት ጋር ስለ ትምህርት ቤቱ የሚገልጽ አንድ ገጽ ይጠብቃሉ። ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው አላቸው፤ የመንግሥት ትምህርት ቤቶቻችን ግን አብዛኞቹ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም አይሰሙም። የተማሪው ብዛት፣ በአንድ ክፍል የሚቀመጠው ቁጥር፣ የማለፊያ ነጥብ፣ ባለፈው ዓመት ከትምህርት ቤቱ ስንት ልጅ ተፈትኖ ስንቱ ከግማሽ በላይ እንዳመጣ፣ የትምህርት ቋንቋው፣ የዓመቱ አቆጣጠር ይጻፍበት። ርዕሰ መምህራን፣ አንድ ጊዜ ብትጽፉት ለዓመታት ያገለግላችኋል። ደግሞ ካርዳችን ላይ ያለውን የክፍል ደረጃ አትናቁት። «ከ64 ተማሪ 1ኛ» የሚለው መስመር ትርጉም ሳያሻው ኬንታኪም ይገባል።

የመምህር ደብዳቤ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኛ ጋ የተለመደውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ «ተማሪ እገሌ በትምህርት ቤታችን ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የተማረ ሲሆን፣ በቆይታውም መልካም ሥነ ምግባር ያለው፣ ታታሪና ትሁት መሆኑን እየገለጽን፣ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግለት እንጠይቃለን።» ክብ ማህተም ያርፍበታል፤ ፊርማው ያምራል። ስለ ልጁ ግን ምንም አልተባለም። ይህ ደብዳቤ ለሥራ ቅጥር ወይም ለቀበሌ ይበቃ ይሆናል። ዳኛ ፊት የቆመ ምስክር «ሰውዬው ደግ ነው» ብሎ አይቀመጥም፤ ያየውን፣ መቼና የት እንዳየው ይናገራል። ከመምህሩ የሚፈለገው ይኸው ነው።

አንድ የፊዚክስ መምህር እንዲህ ቢጽፍ አስቡት፦ «ላብራቶሪያችን ዕቃ የለውም። ስለ ፔንዱለም ባስተማርኩ ማግስት ይህች ልጅ በጫማ ማሰሪያና በቁልፍ ሠርታ አመጣችው። የወጣላት ቁጥር ከመጽሐፉ 9.8 ራቅ ሲልባት ሳምንቱን ሙሉ እረፍት ነሳችኝ፤ ማሰሪያው ስለሚለጠጥ ነው ብላ በሲባጎ ደገመችው።» ሰዋስዉ ይሰባበር፤ ግድ የለም። እንግሊዝኛው የሚመዘነው የተማሪዋ እንጂ የመምህሩ አይደለም። ይህን ያነበበ ሰው ልጅቷን አይቷታል።

ታዲያ መምህሩ በቀን አምስት ክፍል እየገባ፣ በእያንዳንዱ ስልሳ ልጅ እያስተማረ፣ ይህን እንዴት ያስታውሳል? ለዚህም ነው «ራስህ ጻፈውና አምጣ፤ እፈርምልሃለሁ» የሚባለው። መምህራንን ለመውቀስ አይደለም፤ ለዚህ ሥራ ማንም ሰዓት አልሰጣቸውም፣ ማንም አልከፈላቸውም። ነገር ግን ተማሪው የጻፈው የመምህር ደብዳቤ ከተማሪው ኤሴይ ጋር ጎን ለጎን ሲነበብ የአንድ ሰው እጅ መሆኑ ያስታውቃል። ስለ ራሱ የሚመሰክር የ17 ዓመት ልጅ ደግሞ የሚጽፈው ያንኑ «ታታሪና ትሁት» ነው። የሚሻለው መንገድ ይህ ነው፦ ተማሪው በሰኔ፣ ትምህርት ሳይዘጋ፣ ሁለት መምህራን ይምረጥ፤ ብዙ ማርክ የሰጡትን ሳይሆን በደንብ የሚያውቁትን። ለእያንዳንዳቸው በአማርኛም ቢሆን አንድ ገጽ ማስታወሻ ያዘጋጅ፤ በክፍል የሆነውን፣ የጠየቀውን ጥያቄ፣ የወደቀበትን ፈተናና ከዚያ በኋላ ያደረገውን። መምህሩ ከዚያ ላይ ራሱ ይጽፋል፣ በራሱ ኢሜይል ራሱ ይልካል። የማመልከቻ ቅጹ ተማሪው ደብዳቤውን የማየት መብቱን ይተው እንደሆነ ይጠይቀዋል፤ ይተው። ያልታየ ደብዳቤ የበለጠ ይታመናል።

ወደ ልጁ የራሱ ክፍል እንምጣ። ከ1,000 በላይ ኮሌጆች የሚቀበሉት ኮመን አፕ የሚባለው ማመልከቻ፣ ከክፍል ውጭ የምትሠሩትን ለመዘርዘር አሥር ቦታ ይሰጣል፤ ለእያንዳንዱ መግለጫ 150 ፊደል፣ ክፍት ቦታውም ተቆጥሮ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ እዚህ ሲደርስ ይደነግጣል። ክርክር ክበብ የለም፤ ሮቦት አልሠራንም፤ መዋኛ የት አለ? እናም ሁለት መስመር ይሞላል፦ ቀይ መስቀል ክበብ፣ ሚኒ ሚዲያ። ቀሪውን ባዶ ይተወዋል። ያው ልጅ ከትምህርት ቤት ሲወጣ በእናቱ ጉሊት ላይ ተቀምጦ ይሸጣል፤ ማታ ታናናሾቹን ያስጠናል፤ እሁድ ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ያስጠናል ወይም መድረሳ ሕፃናትን ያስቀራል። ይህን ለመጻፍ ያፍራል። ይሉኝታ ይይዘዋል፤ «ይህም ሥራ ሆኖ?» ይላል። ቅጹ ላይ ግን «የቤተሰብ ኃላፊነት» የሚል ራሱን የቻለ ምድብ አለ፤ «ሥራ» የሚልም አለ። የተጻፈው እንዲሞላ ነው።

«እናቴን በገበያ እረዳለሁ» ብሎ ግን አይጻፍ። «ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ቅዳሜና እሁድ በእናቴ ጉሊት ሽንኩርትና ቲማቲም እሸጣለሁ፤ የ23 ደንበኞችን የዱቤ ደብተር እይዛለሁ» ሲል ሌላ ነው። ቁጥሩ ለጌጥ አይደለም። የዱቤ ደብተር የሚይዝ ልጅ ሒሳብም፣ ሰውን ማመንም፣ እንቢ ማለትም የሚያውቅ መሆኑን አንባቢው ራሱ ይደርስበታል። ያላደረጉትን መጻፍ ደግሞ አይገባም። ያልነበረ ክበብ ፕሬዚዳንት፣ ያልተቋቋመ በጎ አድራጎት ድርጅት መሥራች መሆን ሲበዛ አይቻለሁ። አሥሩም ቦታ መሞላት የለበትም፤ አምስት እውነተኛ ነገር ይበቃል።

ኤሴዩ 650 ቃል ነው፤ ከዚያ በላይ ሳጥኑ አይቀበልም። የኛ ልጆች ሦስት ዓይነት ኤሴይ ይጽፋሉ። አንዱ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሐኪም መሆን እመኝ ነበር» ብሎ ይነሳል። ሁለተኛው የትልልቅ ሰዎች ጥቅስ ይደረድራል። ሦስተኛው፣ እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ፣ ችግሩን ለልመና ያቀርባል። ድህነትን መደበቅ አያስፈልግም፤ ግን አንባቢው የሚፈልገው የተቸገረ ልጅ አይደለም፤ የተቸገሩ ልጆች ፋይል ጠረጴዛው ላይ ሞልቷል። በዚያ ችግር ውስጥ ምን አሰብክ፣ ምን አደረግክ የሚለውን ነው የሚፈልገው።

በምሳሌ ላሳይ። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ልጅ ስለ ውኃ መጻፍ አሰበ እንበል። የመጀመሪያ ረቂቁ፦ «ውኃ ሕይወት ነው። በአፍሪካ ሚሊዮኖች ንጹሕ ውኃ አያገኙም። ይህን ችግር ለመፍታት መሐንዲስ መሆን እፈልጋለሁ።» እውነት ነው፤ የማንም ሰው እውነት። ሁለተኛው ረቂቅ፦ «በኛ ብሎክ ውኃ የሚመጣው ማክሰኞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ስለሆነ ግፊቱ እኛ ጋ አይደርስም፤ ምድር ቤት ያሉት ሮቷቸውን እስኪሞሉ ጄሪካኖቼን ደርድሬ ደረጃው ላይ አጠናለሁ። እየጠበቅኩ ማን ስንት እንደቀዳ በደብተሬ ጀርባ መጻፍ ጀመርኩ። ከሁለት ወር በኋላ ደብተሩን ለብሎኩ ኮሚቴ አሳየሁ። ወረፋ ወጣ፤ ሁለት ጎረቤቶች ግን ዛሬም ሰላም አይሉኝም።» መሐንዲስ መሆን እፈልጋለሁ ማለት እንኳ አላስፈለገውም። ደግሞ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እዩዋት፤ ነገሩ ሁሉ ያማረለት አይደለም። ጀግና ሆኖ የማይወጣበትን ነገር የጻፈ ልጅ ይታመናል።

ኤሴዩን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የማስጻፍ ነገር አሁን ሁሉም ቤት ገብቷል። የኮመን አፕ ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ይህን ከማጭበርበር ይቆጥረዋል። ደንቡ ባይኖርም፣ ማሽኑ የሚጽፍላችሁ ያንን የመጀመሪያውን ረቂቅ በተሻለ እንግሊዝኛ ነው። የደረጃውን ሌሊት አያውቀውም።

የፈተናውን ነገር በአጭሩ። ለኮሌጅ መግቢያ የሚወሰደው ኤስኤቲ የሚባለው ፈተና በኮሮና ጊዜ በብዙ ኮሌጆች ግዴታነቱ ቀርቶ ነበር፤ ኤምአይቲ እ.ኤ.አ. በ2022፣ ሃርቫርድ በ2024 መልሰው ግዴታ አድርገውታል፤ አሁንም የማይጠይቁ ኮሌጆች ግን ብዙ ናቸው። ክፍያው ከ100 ዶላር በላይ ነው፤ ዶላሩን በካርድ መክፈል ለብዙዎቻችሁ ከፈተናው ይልቅ ይከብዳል። ውጭ ያለ ዘመድ ሊረዳ የሚችለው አንዱ እዚህ ላይ ነው። መለማመጃው በካን አካዳሚ በነጻ አለ። የማመልከቻ ክፍያ እንዲቀርላችሁ ግን መጠየቅ ይቻላል፤ ኮመን አፕ ላይ መጠየቂያው አለ፤ አትፍሩ።

የገንዘብ እርዳታ ቅጹን ወላጆች ከልጁ ጋር ተቀምጣችሁ ሙሉት። ገቢ የሚለው ላይ «ዜሮ» መጻፍ ልማድ ሆኗል፤ የበለጠ የሚያሳዝን መስሎን ነው። አንባቢው ግን «ታዲያ ምን በልታችሁ አደራችሁ?» ይላል። ገበሬው አባት የሚያገኘውን እህል በኩንታል ቆጥሮ፣ ግማሹ ለቤት ፍጆታ እንደሚውል ይጻፍ። ከአረብ አገር እህት የምትልከው ብር ካለ ይጻፍ። ደመወዙን በብር ጻፉት፤ ቅጹ ራሱ ይመነዝራል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ በራሳችሁ ስሌት ወደ ዶላር ለውጣችሁ ብትጽፉ ከአሠሪ ደብዳቤው ጋር አይገጥምም።

ትንሽ የሚመስሉ፣ ፋይል የሚያበላሹ ነገሮችም አሉ። ብሩክ የሚባል ልጅ ስሙ በትራንስክሪፕት አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርት ሌላ፣ በኢሜይሉ ሦስተኛ ፊደል ይዞ ይገኛል፤ ኮሌጁ ሦስት ብሩኮችን አያገናኝም። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ያዙ፤ ትምህርት ቤቱም በዚያው ይጻፍ። የልደት ዘመን በኛ አቆጣጠር ከተጻፈ የ17 ዓመቱ ልጅ 25 ሊሞላው ይደርሳል። የቀነ ገደቡ ነገርም አለ። ኖቬምበር 1 ማለት ጥቅምት 22፣ ጃንዋሪ 1 ማለት ታኅሣሥ 23 ነው፤ ከጳጉሜን 6 በኋላ በሚመጣው ዓመት ጥቅምት 21ና ታኅሣሥ 22 ይሆናል። «11:59» የሚለው በኛ ሰዓት ከምሽቱ 5:59 ነው። መብራትም ኔትወርክም ባሉበት ቀን፣ ከሳምንት በፊት ላኩት።

አብዛኛው መልስ የሚመጣው በማርች መጨረሻ አካባቢ ነው። ሁሉም እንቢ ካሉ፣ እንዲህ የሚሆነው ደግሞ ብዙ ጊዜ ነው፣ ብሔራዊ ፈተናው ገና ፊታችሁ ነው፤ ጥናቱን ያቆመ ልጅ ሁለቱንም ያጣል። ውጤቱ አሪፍ ሆኖ አገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ከተመደባችሁ ግን አንድ የማይነገር ነገር አለ። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ለመሞከር የምታስቡ ከሆነ፣ አንድ ሴሚስተር እንኳ ተመዝግቦ መማር በብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች ዘንድ ከአዲስ ገቢነት ወደ ተዛዋሪነት ይወስዳችኋል፤ ለውጭ አገር ተዛዋሪ ደግሞ የሚመደበው ገንዘብ እጅግ ጥቂት ነው። አንዳንዱ ኮሌጅ ሴሚስተሩ እስኪሞላም አይጠብቅም፤ አንዳንዱ ከተወሰነ የኮርስ ብዛት በላይ ካልሆነ አይቆጥረውም። አንድ ዓመት ቤት መቀመጥም የራሱ ዋጋ አለው፤ የተመደቡበትን ወንበር መልቀቅ ቀላል አይደለም፤ ውሳኔው የቤተሰብ ነው። ግን የምዝገባው ቀን ከመድረሱ በፊት ለምትፈልጉት ኮሌጅ በአጭር ኢሜይል ጠይቁ፦ እዚህ ብመዘገብ እንደ አዲስ ገቢ ታዩኛላችሁ ወይስ እንደ ተዛዋሪ? ይመልሱላችኋል። መልሱንም አስቀምጡት።